ካትሪን 2ኛ እና የሩሲያ ገባር፦ ጥፋቱ የማን ነው?

አወያይ፦ ከ1762 እስከ 1796 (እ.ኤ.አ.) ሩሲያን የገዛችው ካትሪን 2ኛ በገባሩ፣ ማለትም በጌታው መሬት ላይ በሕግ ታስሮ በሚሠራው ገበሬ፣ ላይ ለከበደው ቀንበር በግሏ ትጠየቃለች? ወይስ መኳንንቱ እጇን ይዘዋት ነበር? ስድብ ይቅር፤ ማስረጃ ይቅረብ።

ሴቷ ሐኪም፦ በዚህ ክርክር እኔ የካትሪን ጠበቃ ነኝ። የጀርመን ተወላጅ ናት፤ በ14 ዓመቷ ሩሲያ ገባች፤ በክብር ዘበኞች ድጋፍ ባሏን ጴጥሮስ 3ኛን አውርዳ ነገሠች። ዙፋን ላይ ያወጧት ሰዎች ሊያወርዷትም ይችሉ ነበር። ደግሞም በ1768 ለፈንጣጣ ክትባት ራሷ ክንዷን ሰጥታለች። የዚያ ዘመን ክትባት ከሕመምተኛ ቁስል የተወሰደ መግል በጤነኛ ሰው ሰውነት ውስጥ ማስገባት ነው፤ ሊገድል ይችል ነበር። ቀጥላ ልጇን ጳውሎስን አስከተበች። ለሕዝቧ ግድ የሌላት ገዢ ይህን ታደርጋለች?

የሕግ ተማሪው፦ እህቴ፣ ድፍረቷን አልክድም። ነገር ግን የሳልቲኮቫን ጉዳይ ተመልከቺ። በ1762 ሚስቶቻቸውን በእመቤታቸው በዳርያ ሳልቲኮቫ እጅ ያጡ ሁለት ገባሮች አቤቱታቸውን እስከ ካትሪን አደረሱ። ምርመራው ዓመታት ፈጀ፤ 38 ሰው መግደሏ ተረጋገጠ። በ1768 ሴትዮዋ «አሠቃይና ነፍሰ ገዳይ» የሚል ጽሑፍ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ በሞስኮ ቀይ አደባባይ ለሕዝብ ታየች፤ ከዚያም ብርሃን በማይገባበት የገዳም ምድር ቤት ተዘጋባት። እሰየው! ግን ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት፣ በነሐሴ 1767፣ ካትሪን በጌታው ላይ ለእሷ አቤት ያለ ገባር ተገርፎ ዕድሜ ልኩን በሳይቤሪያ ባለችው ኔርቺንስክ በግዞት እንዲሠራ አዋጅ አወጣች። እነዚያ ሁለት ሰዎች ያንኳኩትን በር ለሚሊዮኖች ዘጋችው።

የታሪክ መምህሩ፦ ልጄ፣ ፍርድህ ቸኩሏል። በዚያው በ1767 ሕግ የሚያረቅ ጉባኤ የጠራች፣ ሰው ማሠቃየትን የሚነቅፍ መመሪያ የጻፈች እሷው ናት። በ1773 ዓመፀኛው ፑጋቾቭ «ጴጥሮስ 3ኛ እኔ ነኝ» ብሎ ሲነሣ ገባሩ ተከተለው፤ የመሬት ጌቶች ከነቤተሰባቸው ታረዱ። ከዚያ ወዲህ ማን ገዢ ገመዱን ያላላል?

የሕግ ተማሪው፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አዋጁ ከፑጋቾቭ ስድስት ዓመት ይቀድማል። በጉባኤውም በመንግሥት መሬት ላይ የሚኖሩ ገበሬዎች ሲወከሉ የመኳንንት ገባር አልተወከለም። ቢሆንም ከኮዝሎቭ መኳንንት የተወከለው ኮሮብዪን የጌቶች ሥልጣን ይገደብ ብሎ ተናግሯል። ስለዚህ ከመኳንንቱ መካከልም የሚደግፋት ነበር።

ሴቷ ሐኪም፦ አንድ ኮሮብዪን ዙፋን አይጠብቅም። ብዙኃኑ መኳንንት ተቃወሙት።

የሕግ ተማሪው፦ ነጻ ላለማውጣቷ ፍርሃት ምክንያት ይሁን እንበል። በ1783 የዩክሬን ገበሬ ከሰፈረበት ንቅንቅ እንዳይል በአዋጅ ስታስረውስ? ገና ሙሉ በሙሉ ገባር ያልሆነን ሕዝብ ገባር ማድረግ ምን ፍርሃት ነው? ለወዳጆቿና ለጦር አለቆቿ በስጦታ ያደለቻቸውን ገበሬዎችስ ማን አስገደዳት? መምህር፣ በእነዚህ በሁለቱ ላይ መልስዎን እጠብቃለሁ።