የባሕሩ ወለል ይታረስ ወይስ ይተው?

ጠያቂው፦ ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ከ4000 ሜትር በታች ድንች የሚያካክሉ ጥቁር ድንጋዮች ሜዳ ሙሉ ተበትነዋል። ለባትሪ የሚፈለጉት ማንጋኒዝ፣ ኒኬል፣ መዳብና ኮባልት አሉባቸው። አንዳንድ ኩባንያዎች ልልቀማቸው እያሉ ነው። ምን ትላላችሁ?

የመርካቶ ልጅ፦ ይለቀማ! ምን ያከራክራል? የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሎ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። ባትሪ ከሰማይ አይወርድም። ኮንጎ ውስጥ ሕፃናት ኮባልት ከሚቆፍሩ፣ ማንም ከማይኖርበት ጨለማ ይውጣ።

መምህርቷ፦ ወንድሜ፣ ጠቡ ያለው "ማንም የማይኖርበት" ያልከው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ጋላፓጎስ አጠገብ አልቪን በምትባል ሰርጓጅ የወረዱ ሳይንቲስቶች ፍል ውሃ ፍለጋ ነበር የሄዱት። ከፍል ውሃው ዙሪያ ፀሐይ ሳያይ የሚኖር ፍጥረት አገኙ። ነጫጭ ዛጎሎች፣ ግዙፍ ትሎች! በጉዞው አንድም ባዮሎጂስት አልነበረም። ናሙናውን ማቆያ ቢያጡ ከፊሉን ቮድካ ውስጥ ዘፈዘፉት።

የመርካቶ ልጅ፦ ቮድካዋን ወድጃታለሁ። ግን እሱ ፍል ውሃ ነው፣ ድንጋዩ ያለው ሌላ ሜዳ ላይ። አታደባልቂው።

መምህርቷ፦ እሱስ ልክ ነህ። ሜዳውም ግን ባዶ አይደለም። ድንጋዩ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ስፖንጅ የሚባሉ የባሕር እንስሳት አሉ፤ ድንጋዩ ሲለቀም ቤታቸው አብሮ ይሄዳል። መልሶ ይበቅላል እንዳትል ደግሞ ድንጋዩ በሚሊዮን ዓመት የሚያድገው ጥቂት ሚሊሜትር ነው። በ1989 የጀርመን ተመራማሪዎች ከፔሩ ማዶ ያለውን የባሕር ወለል ምን እንደሚሆን ለማየት ብለው አረሱት። በ2015 ተመልሰው ሲያዩ ትልሙ እዚያው ነው። 26 ዓመት! እኛ አገር ትልም አንድ ክረምት አይሻገርም።

መካኒኩ፦ ልጆች፣ ከጋራዥ አንድ ነገር ልበል። ባትሪ ሁሉ አንድ አይደለም። ቢዋይዲ መኪኖቹ ላይ የሚገጥመው የብረትና የፎስፌት ነው፤ ኒኬልም ኮባልትም የለበትም።

የመርካቶ ልጅ፦ ጋሼ፣ በባትሪው ረቱኝ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። 4000 ሜትር የሚወርድ መሣሪያ በነፃ አይገኝም። ያ ስፖንጅ ራሱ ከፊሉ የታየው ማዕድን ፈላጊዎች በከፈሉት ጉዞ ነው። እነሱ ከቀሩ ማን ከፍሎ ይወርዳል?

መምህርቷ፦ እሱ ያመኛል፣ ግን እውነት ነው። በደንብ ካርታ የተነሣው የባሕር ወለል እስካሁን ሩብ ገደማ ብቻ ነው። መንግሥታት ለጨረቃ የሚያወጡትን ያህል ለዚህ አያወጡም። እኔ የምለው ማየቱ ይቅደም ነው። ሳያዩ ማረስ ግን አይዋጥልኝም።

የመርካቶ ልጅ፦ እስቲ የዛ ትልም ፎቶ ካለሽ ላኪልኝ።