የታላቋ ለንደን ምክር ቤት ሲፈርስ ንብረቱና መዝገቡ ለማን ተላለፈ?

ታቦር ሰፈር፦ የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ ሐዋሳ ውስጥ በመዝገብ ቤት ሥራ ላይ የተሰማራሁ ሰው ነኝ። በ2015 ዓ.ም. የቀድሞው የደቡብ ክልል በአዳዲስ ክልሎች ሲተካ፣ ማህደር ለይቶ ማስረከብ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ በቅርብ ተመልክቻለሁ። እንግሊዝ ውስጥ የታላቋ ለንደን ምክር ቤት በሕግ እንዲፈርስ ሲደረግ ሥልጣኑ፣ ሕንፃውና ሰነዱ ለማን እንደተላለፈ የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ፒያሳ ሐዋሳ፦ ዘመኖቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥቀስ። በ1889 የተቋቋመው የለንደን ካውንቲ ምክር ቤት በ1965 በሰፊው የታላቋ ለንደን ምክር ቤት ተተካ፤ ከሥሩም 32 ክፍለ ከተሞችና ጥንታዊው ሲቲ ኦፍ ለንደን ነበሩ። በ1981 ሌበር ፓርቲ አሸንፎ ኬን ሊቪንግስተን መሪ ሲሆኑ፣ የአውቶቡስና የባቡር ታሪፍ በሲሶ ገደማ ተቀነሰ፤ ሆኖም ብሮምሊ የተባለው ክፍለ ከተማ ከሶ፣ የመጨረሻው ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ቅናሹን ሕገ ወጥ አለው። ምክር ቤቱ ከፓርላማው ፊት ለፊት፣ ከቴምዝ ወንዝ ማዶ በነበረው ሕንፃው ጣሪያ ላይ የለንደንን ሥራ አጦች ቁጥር በትልቁ ጽፎ ሰቀለ። የማርጋሬት ታቸር መንግሥት ይህን የአስተዳደር እርከን አባካኝና አላስፈላጊ ነው በማለት፣ በ1985 ዓዋጅ መሠረት መጋቢት 31 ቀን 1986 ከስድስት ሌሎች የትልልቅ ከተሞች ካውንቲ ምክር ቤቶች ጋር አፈረሰው።

አሞራ ገደል፦ የቁጠባውን ምክንያት ብቻውን መቀበል ይከብደኛል፤ የፖለቲካው ቅራኔ የበለጠ ክብደት ነበረው ብዬ አምናለሁ። ምክር ቤቱ ቢፈርስም ሥራው ሊፈርስ አልቻለምና ለብዙ አካላት ተበተነ፦ የእሳት አደጋ መከላከሉ ለአዲስ ባለሥልጣን፣ የቴምዝ የጎርፍ መከላከያ ለውኃ ባለሥልጣን፣ አብዛኛው ሌላ ሥራ ደግሞ ለክፍለ ከተሞቹ ተላለፈ። የቀረውን ንብረትና ዕዳ የሚያጣራ አካልም ተቋቋመ፤ ሕንፃው በኋላ ለአንድ የጃፓን ኩባንያ ተሸጦ ዛሬ ሆቴሎችና የዓሣ ማሳያ ማዕከል ይገኙበታል። ለንደን የጋራ የተመረጠ አስተዳደር መልሳ ያገኘችው በ2000 ነው።

ፒያሳ ሐዋሳ፦ ስለ ሰነዱ ልጨምር። የምክር ቤቱ ቤተ መዛግብት ለ32ቱ ሳይከፋፈል ለሲቲ ኦፍ ለንደን ኮርፖሬሽን ተላለፈ። ከካውንቲው ዘመን የተወረሱት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካርታዎች እዚያ ይገኛሉ፤ ፈጽሞ የወደመው ቤት በጥቁር፣ ሊጠገን የማይችለው በሐምራዊ ቀለም በእጅ ተቀብቶባቸዋል።

ታቦር ሰፈር፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትምህርት ቤቶቹስ?

አሞራ ገደል፦ የውስጥ ለንደን ትምህርት ቤቶችን የሚመራው ባለሥልጣን እስከ 1990 ከቆየ በኋላ፣ ኃላፊነቱ ለ12 ክፍለ ከተሞችና ለሲቲ ተከፋፈለ።