የሴፍ ክላስተርን ወደ ሌላ ኔትወርክ ማዛወር፦ ሞኒተሮቹስ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በመሥሪያ ቤታችን በ5 የፕሮክስሞክስ (ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ሰርቨሮች ላይ የተዘረጋ የሴፍ ክላስተር (የሰርቨሮቹን ዲስኮች እንደ አንድ ማከማቻ የሚያሠራ ሥርዓት) አለን፤ የክላስተሩን ሁኔታ የሚከታተለው ሞኒተር የሚሠራው በ3ቱ ላይ ነው። አሁን የማከማቻው ትራፊክ ከ10.10.0.0/24 ወደ 10.20.0.0/24 እንዲዛወር ተወስኗል። በኮንፊገሬሽን ፋይሉ ላይ የፐብሊክ ኔትወርክን መስመር ቀይሬ ሰርቨሮቹን እንደገና ባስነሣቸው ይበቃል? ቨርቹዋል ማሽኖቹን ማቆም አንፈልግም።

መልስ 1

አይበቃም። ኦኤስዲዎች (እያንዳንዱን ዲስክ የሚያስተዳድሩት ፕሮግራሞች) በተነሡ ቁጥር አድራሻቸውን በፋይሉ መሠረት መርጠው ለሞኒተሮቹ ስለሚያሳውቁ እነርሱ አያስቸግሩም፤ የሞኒተሮቹ አድራሻ ግን ክላስተሩ ራሱ በሚይዘው ሞንማፕ (የሞኒተሮች ዝርዝር) ውስጥ የሰፈረ በመሆኑ ፋይሉን መቀየር ብቻውን አያዛውራቸውም።

በመጀመሪያ እያንዳንዱ ሰርቨር በሁለቱም ኔትወርኮች ላይ አድራሻ እንዲኖረው ያድርጉ፤ በፐብሊክ ኔትወርክ መስመርም ሁለቱን ሰብኔቶች (የአድራሻ ክልሎች) በኮማ ለይተው ያስገቡ። ብዙ ሰው አንዱን ሞኒተር አጥፍቶ በአዲስ አድራሻ መልሶ ይፈጥረዋል፤ ነገር ግን በመሐሉ 2 ሞኒተሮች ብቻ ስለሚቀሩና ምልዓተ ጉባኤውም (ክላስተሩ እንዲሠራ የግድ መገኘት ያለባቸው ሞኒተሮች ብዛት) 2 ስለሆነ፣ በዚያች ሰዓት አንዱ ቢወድቅ ክላስተሩ በሙሉ ይቆማል። እርስዎ ሞኒተር የሌለባቸው 2 ሰርቨሮች ስላሉዎት አዲሶቹን ሞኒተሮች እዚያ በአዲሱ አድራሻ ያስነሡ፤ ምልዓተ ጉባኤው ውስጥ መግባታቸውን ካረጋገጡ በኋላ የቀድሞዎቹን አንድ በአንድ ያንሡ፤ 2 ሞኒተሮች ብቻ እንዳይቀሩም መጀመሪያ ያነሡትን በአዲሱ አድራሻ መልሰው ይፍጠሩት።

ከዚያ የቀድሞውን ሰብኔት ከመስመሩ ያውጡ፤ ሁለቱም ተጽፈው ከቀሩ ኦኤስዲው የማይፈልጉትን አድራሻ ሊይዝ ይችላል። ኖአውትን (የቆመ ኦኤስዲ ከክላስተሩ እንዳይወጣ የሚያደርገውን ምልክት) ካበሩ በኋላ ኦኤስዲዎቹን ሰርቨር በሰርቨር እንደገና ያስነሡ፤ ፕሌስመንት ግሩፖቹ (መረጃው የሚከፋፈልባቸው ክፍሎች) ሁሉ አክቲቭና ክሊን፣ ማለትም ጤነኛ፣ ሳይሆኑ ወደ ቀጣዩ ሰርቨር አይለፉ።

መልስ 2

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ሆኖም አንዲት ዲስክ ሳትነካ አስቀድሞ ስዊቹ ይፈተሽ። በቀድሞው ኔትወርክ ኤምቲዩ (የአንድ ፓኬት ከፍተኛ መጠን በባይት) 9000 ከነበረና አዲሱ ስዊች በ1500 ከቀረ፣ ትንንሾቹ መልእክቶች ስለሚያልፉ ሁሉም ጤነኛ ይመስላል፤ ትልልቆቹ ግን መንገድ ላይ ስለሚቀሩ ፕሌስመንት ግሩፖቹ ፒሪንግ (ኦኤስዲዎች ስለ መረጃው ሁኔታ የሚስማሙበት ደረጃ) ላይ ተቸንክረው ያድራሉ። ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ አዝዘው በ8972 ባይት ፒንግ ያድርጉ፤ ቀሪው 28 ባይት የሄደሮቹ ድርሻ ነው። ፋየርዎል ካለም ለሞኒተሮቹ 3300ና 6789፣ ለኦኤስዲዎቹ ከ6800 እስከ 7568 ያሉት ፖርቶች ይከፈቱ።

ጠያቂው

ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለቱን ኔትወርኮች ጎን ለጎን ማቆየት ባይፈቀድልንስ?

መልስ 1

እንግዲያውስ ሥራ ማቆም ግድ ነው። ቨርቹዋል ማሽኖቹን አጥፍተው ሞንማፑን ወደ ፋይል ያውጡ፣ ሞኒተሮቹን ያቁሙ፣ የመረጃ ማኅደራቸውን ቅጂ ያስቀምጡ፤ ከዚያ ሞንማፕቱል በተባለው ትእዛዝ አድራሻዎቹን ቀይረው ያንኑ ሞንማፕ ለሦስቱም ሞኒተሮች ያስገቡ። በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ ግን በኮንፊገሬሽን ፋይሉ ውስጥ የሞኒተሮቹን አድራሻ የሚዘረዝረውን የሞን ሆስት መስመርን ይመልከቱ። እየሠሩ ያሉት ቨርቹዋል ማሽኖች አዲሶቹን ሞኒተሮች ከክላስተሩ ስለሚያውቁ ችግሩ ወዲያው አይታይም፤ የቀድሞዎቹ አድራሻዎች ብቻ በመስመሩ ላይ ከቀሩ ግን ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ዲስኩን አያገኝም።