ለወንድሜ ኩላሊት ልስጥ ብል የደም ዓይነታችን አልገጠመም

ጥያቄ፦ የታናሽ ወንድሜ ደም ኦ፣ የእኔ የታላቅ እህቱ ኤ ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ በሚደረግለት እጥበት ሲዳከም እያየሁ ዝም ማለት ስላልቻልኩ፣ ኩላሊቴን የምሰጥበት መንገድ ካለ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ፦ እህታችን፣ መንገድ አለ። ከሞቱ ሰዎች የሚገኝ ኩላሊት ጥቂት በሆነባት ጃፓን የደም ዓይነት ሳይገጥም የሚደረግ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ ይሰጣል። በወንድምዎ ደም ውስጥ ያለው፣ የኤ ዓይነትን የሚያጠቃው ፀረ እንግዳ አካል በፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) ማጣሪያ ይቀነሳል፤ እንደገና እንዳይመረትም አስቀድሞ ሪቱክሲማብ የተባለ መድኃኒት ይሰጣል። ከንቅለ ተከላው በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የቅርብ ክትትል ይሻሉ፤ የኢንፌክሽን ስጋቱም ቀላል አይደለም።

መልስ፦ የደም ዓይነት የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ ልዩነት ግን አያሳስብዎ፤ ለኩላሊት እንቅፋት አይሆንም።

መልስ፦ እኔ ብሆን አስቀድሜ ስለ ልውውጥ እጠይቅ ነበር፤ ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ሁለት ቤተሰቦች ለጋሾቻቸውን ይቀያየራሉ፤ የኦ ተቀባይ ግን ብዙ ሊጠብቅ ይችላል።