የደመወዝ ወለል ሲነሳ የነባሮቹን ክፍያ እንዴት ላስተካክል?

ሰላም፣ ስሌት ላይ ተጣብቄያለሁና የምታውቁ እርዱኝ። 8 ሠራተኛ ያለው ምግብ ቤት ነው። የድሮውን የሰዓት ክፍያ ወለል 100 ብንለው አዲሱ ሕግ 115 አድርጎታል። ደመወዝ ከሽያጩ 30 በመቶ ይወስዳል፤ ሁሉም በ15 በመቶ ቢያድግ ተጨማሪው ወጪ ከሽያጩ 4.5 በመቶ ነው። ይህንን ዋጋ ላይ መጨመር ያን ያህል አያስፈራም፣ ሕጉ ተፎካካሪውንም ይይዘዋልና።

የቸገረኝ እርከኑ ነው። እቃ አጣቢው 100፣ ነባሯ አብሳይ 110 ነበሩ። ሕጉን ብቻ ብከተል ሁለቱም 115 ላይ እኩል ይሆናሉ፤ እሷም ዝም ብላ አትቀመጥም። የ10 በመቶ ብልጫዋን ልጠብቅላት ካልኩ 126.5 ይደርሳል።

ከየፈረቃው አንድ ሰዓት መቁረጥ ወረቀት ላይ ያምራል። ግን የማታው ጽዳት ለጠዋት ያድራል፣ ጠዋት ትርፍ ሰዓት ይመጣል፣ እሱም የሚሰላው በአዲሱ መነሻ ነው።

የነባሮቹን ልዩነት የምትመልሱት በአንዴ ነው ወይስ በ6 ወር ከፋፍላችሁ? ዋጋስ የምትጨምሩት በሁሉም ምግብ ላይ እኩል ነው ወይስ ብዙ የእጅ ሥራ በሚፈልገው ላይ ብቻ?