ውድ የጋዝ ግሪል ከመግዛታችሁ በፊት ክዳኑን ክፈቱ

ሰላም ለሁላችሁ። ግቢ ያለው ቤት ገብታችሁ ጥሩ የጋዝ ግሪል (በጋዝ የሚሠራ የውጭ መጥበሻ) ለመግዛት የምታስቡ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ፣ የማውቀውን በአንድ ላይ ልጻፍላችሁ። ከአገር ከወጣሁ ወዲህ ሁለት ግሪል ገዝቻለሁ። የመጀመሪያው ከውጭ ሲያዩት ያብረቀርቅ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ግን ሆዱን ዝገት በላውና ተጣለ። ሁለተኛው ውድ ነው፤ ስምንተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ዛሬም እንደ አዲስ ይሠራል። ልዩነቱ ያለው ከክዳኑ ሥር እንደሆነ የገባኝ ገንዘቤ ከወጣ በኋላ ነው። እናንተ ቀድማችሁ እንድታውቁ እፈልጋለሁ።

ከብረቱ እንነሳ። «ስቴይንለስ ስቲል» ተብሎ መጻፉ ብቻውን ብዙም አይነግራችሁም፤ ዓይነቱ ብዙ ነው። ለግሪል የሚመረጠው 304 የሚባለው ነው። 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየም፣ 8 በመቶ ገደማ ደግሞ ኒኬል አለው። ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ሲገናኝ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ይህ ሽፋን ነው፤ ቢጫርም ራሱን መልሶ ይሠራል። 430 የሚባለው ዓይነት ኒኬል የለውም ማለት ይቻላል። ርካሽ ነው፤ እርጥበትና ጨው ሲያገኘው ቶሎ የዝገት ነጠብጣብ ያወጣል። ባሕር አጠገብ የምትኖሩ 316 ካገኛችሁ የተሻለ ነው፤ ሞሊብዲነም ስለተጨመረበት ጨውን ይበልጥ ይቋቋማል።

ብዙ ሰው «ማግኔት ይዘህ ሂድ» ይላል። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። 430 ላይ ማግኔት ጥብቅ ብሎ ይይዛል። 304 ላይ አይይዝም፤ ቢይዝም ብረቱ የታጠፈበት ቦታ ላይ በትንሹ ነው። ችግሩ 201 የሚባል ሌላ ዓይነት መኖሩ ነው። ኒኬሉ ተቀንሶ ማንጋኒዝ የገባበት ነው። እሱንም ማግኔት አይይዘውም፤ ዝገት የመቋቋም አቅሙ ግን ከ304 ያንሳል። ስለዚህ ማግኔቱ ስላልያዘ ብቻ አትርኩ። ሻጩ ቁጥሩን በጽሑፍ ይስጣችሁ። የክዳኑን ብቻ ሳይሆን የበርነሩን (እሳቱ የሚወጣበትን ቱቦ)፣ የፍርግርጉንና የውስጡን ሳጥን ለየብቻ ጠይቁ። የእኔ የመጀመሪያ ግሪል ክዳኑ እስከ መጨረሻው ንጹሕ ነበር። የበሰበሰው እሳቱና ስቡ የሚያርፉበት ውስጡ ነው።

ውፍረቱም ወሳኝ ነው። ውፍረት ጌጅ በሚባለው መለኪያ ሲነገር ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብረቱ ይወፍራል። 16 ጌጅ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 20 ጌጅ ደግሞ 0.9 ገደማ። ክዳኑን ክፈቱና ጫፉን ይዛችሁ ጠምዘዝ አድርጉት። እንደ ቆርቆሮ ከተወዛወዘ ሙቀት አይዝላችሁም። ጥሩ ግሪል ክዳኑ ብዙ ጊዜ ድርብ ነው፤ መጋጠሚያውም በብሎን ከተያያዘው ይልቅ በብየዳ የተያያዘው ይጠነክራል።

አሁን ሻጮች በጣም ወደሚወዱት ቁጥር ልምጣ፤ ቢቲዩ፣ የሙቀት መጠን መለኪያ ነው። ይህ ቁጥር ግሪሉ በሰዓት ምን ያህል ጋዝ እንደሚያቃጥል እንጂ ምን ያህል ጥሩ እንደሚጠብስ አይናገርም። ጠቅላላውን ለፍርግርጉ ስፋት አካፍሉት። ለአንድ ስኩዌር ኢንች ከ80 እስከ 100 ቢቲዩ ከደረሰ ለቤት በቂ ነው። 40,000 ቢቲዩ ያለው፣ ፍርግርጉ 500 ስኩዌር ኢንች የሆነ ግሪል 80 ይደርሰዋል ማለት ነው። ክዳኑ ወፍራም ከሆነና በደንብ ከገጠመ ከዚያም ባነሰ ይሠራል። 9 ኪሎ ፕሮፔን (በሲሊንደር የሚሸጥ ጋዝ) የያዘ ሲሊንደር 430,000 ቢቲዩ ገደማ አለው። ይህ ግሪል በሙሉ ኃይሉ ቢነድ አሥር ሰዓት ያህል ይበቃዋል።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔ የማምነው የዳቦ ፈተናውን ነው። ያንኑ ሞዴል የገዛ ወዳጅ ካላችሁ ቤቱ ሄዳችሁ ሞክሩ። ሁሉንም በርነር መካከለኛ ላይ አድርጋችሁ ክዳኑን ዝጉና አሥር ደቂቃ አሙቁት። ከዚያ ፍርግርጉን ሙሉ በሙሉ በተቆራረጠ ዳቦ ሸፍኑት። አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይታችሁ ገልብጡት። የቱ ጋ እንደሚያቃጥል፣ የቱ ጋ እንደሚቀዘቅዝ ዳቦው ራሱ ያሳያችኋል። በክዳኑ ላይ ያለውን ቴርሞሜትር ግን ብዙ አትመኑት። የሚለካው ላይ ያለውን አየር ነው፤ ምግቡ የተኛበትን ፍርግርግ አይደለም።

ቤት ለምንቀያይር፣ አንዳንዴም አገር ለምንቀይር ሰዎች ከሁሉ በላይ የማሳስበው የጋዙን ጉዳይ ነው። ለፕሮፔን የተሠራ ግሪል ከቤት የተፈጥሮ ጋዝ መስመር ጋር ዝም ብሎ አይገናኝም። በእኩል መጠን ሲለካ ፕሮፔን ከተፈጥሮ ጋዝ ሁለት ዕጥፍ ተኩል ያህል ሙቀት አለው። ስለዚህ ጋዙ የሚወጣበት ቀዳዳ መጠኑ ይለያል፤ ግፊቱም ይለያል። አምራቹ ለዚያው ሞዴል ያዘጋጀው መቀየሪያ ከሌለ አትነካኩት። የሬጉሌተር (የሲሊንደሩን ጋዝ ግፊት የሚቆጣጠረው ዕቃ) ግፊትም ከአገር አገር ይለያያል፤ 30፣ 37፣ 50 ሚሊባር እያለ ይሄዳል። ውድ ስለሆነ ብቻ ጭናችሁ ወደ ሌላ አገር ልትወስዱት ካሰባችሁ መጀመሪያ ይህን አጣሩ። ክረምቱ በረዶ የሆነባችሁ ደግሞ ቡቴን የሚባለውን ሌላውን የሲሊንደር ጋዝ አትግዙ። ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ወደ ጋዝነት መለወጡን ያቆማል። ፕሮፔን ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ይተንናል።

አዲሱን ግሪል በለኮስኩበት የመጀመሪያ ቀን ሙቀቱ ከ150 ዲግሪ አላልፍ አለ። እንግዶች ቁጭ ብለው እየጠበቁ፣ እኔ የተበላሸ ዕቃ የሸጡልኝ መስሎኝ በጣም አዘንኩ። ለካ የግሪሉን ቁልፎች ከፍቼ ሳለ ነው ሲሊንደሩን በአንዴ የከፈትኩት። ሬጉሌተሩ ጋዝ የሚያፈስ ቦታ ያለ መስሎት ፍሰቱን አፍኖታል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሁሉንም ዝጉ፤ ሲሊንደሩን ፍቱ፤ ጥቂት ቆይታችሁ መልሳችሁ ግጠሙ። መጀመሪያ ሲሊንደሩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፤ ከዚያ ክዳኑ ክፍት እንደሆነ ለኩሱ። እንቢ ካለ ጋዙን ዘግታችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል፤ ሳጥኑ ውስጥ ይጠራቀምና በአንዴ ቦግ ይላል። ሲሊንደር በቀየራችሁ ቁጥር መጋጠሚያውን የሳሙና ውኃ ቀቡት፤ አረፋ ከወጣ ጋዝ እየፈሰሰ ነው።

ጋራዥ ውስጥ በሩ ክፍት ቢሆንም አትጥበሱ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም። አፓርታማ ላይ ያላችሁ በረንዳ ላይ ይፈቀድ እንደሆነ ከመግዛታችሁ በፊት የኪራይ ውላችሁን አንብቡ።

ጽዳቱ ላይ ከሽቦ ብሩሽ ራቁ። ሽቦው ተነቅሎ ፍርግርጉ ላይ ይቀራል። ከምግብ ጋር ተውጦ ጉሮሮና አንጀት የወጋበት ጊዜ በሐኪሞች ተመዝግቧል። በረኪናም ብረቱን ያበላሻል። ከእሳቱ ብዛት ወርቃማ ወይም ሰማያዊ ቀለም ቢያወጣ ግን አትደንግጡ፤ ዝገት አይደለም። እሳቱ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ቢጫ ከሆነ የበርነሩን ቱቦ እዩ። ሸረሪት እዚያ ውስጥ ድር ማድራት ትወዳለች፤ አየሩን ትዘጋዋለች።

ዋስትናውንም በርነሩን፣ ፍርግርጉንና መለኮሻውን ለየብቻ እያያችሁ አንብቡት። «የዕድሜ ልክ» የሚለው ብዙ ጊዜ ለሁሉም ክፍል አይሠራም፤ ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ የሚሆንም አለ። ከዚያ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፤ በርነሩ ብቻውን ተለይቶ ይሸጣል ወይ? የእኔ መለኮሻ በአራተኛው ዓመት ሞተ። መለዋወጫውን ያገኘሁት በግሪሉ በር ውስጥ ከተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ የሞዴል ቁጥሩን አንብቤ ነው። አሁን ያቺ ሰሌዳ በጭስና በቅባት ጠፍታለች። እናንተ ግሪሉ ቤት በገባበት ቀን ፎቶ አንሷት።