ባህር ዳር ላይ ውሃ የምታስገባ ጀልባ ማን ጋ ትሠራ? ጥቆማ

እንዴት ናችሁ የጣና ልጆች። ትንሽ የፋይበር ጀልባ አለችን፣ ዘጌ ደርሳ እስክትመለስ ውሃ ትይዛለች፣ ከየት እንደሚገባ ግን አልታወቀም። በሲሊኮን ድፈኗት የሚሉን አሉ፣ እናንተስ ማን ጋ ውሰዷት ትላላችሁ?

— ወንድሜ ሲሊኮኑን እርሳው። ፋይበር ላይ አንዴ ከተቀባ ቅሪቱ አይለቅም፣ ከዛ በኋላ ሬዚንም (ፋይበሩን የሚያጣብቀው፣ ሲደርቅ የሚጠነክረው ፈሳሽ) ቀለምም እላዩ ላይ አይዝም። ደግሞ ለማንም ከመስጠትህ በፊት ቀዳዳውን ራስህ ፈልገው፣ ዳር አውጥታችሁ እንጨት ላይ ከፍ አድርጓትና ውጭዋን በደንብ አድርቁ፣ ከዛ ውስጧ ትንሽ ውሃ ጨምሩ፣ ብዙ አይደለም ክብደቱ ራሱ ይሰነጥቃታል፣ ከስር ገብታችሁ የት ጋ እንደሚያልባት እያያችሁ በማርከር አክብቡት። ብዙ ጊዜ ጉዱ ያለው ከኋላ ነው፣ የማፍሰሻው ታፓ ጎማ አልቆ ወይ ሞተሩ የታሰረበት ብሎን ዙሪያ። እዛ ጋ በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ አድርገው፣ ድምፁ ከታፈነ ውስጡ ያለው ኮምፖርሳቶ በስብሷል፣ እሱ ከሆነ በልጥፍ አይድንም።

ባለሙያ ካልክ የመኪና ፋይበር የሚሠሩት ጋራዦች ይፈጥናሉ፣ አጨራረሳቸውም ያምራል፣ ግን ስቱኮ (ጎድጓዳና ስንጥቅ የሚሞሉበትን ሊጥ መሳይ) ይወዳሉ፣ ስቱኮ ደግሞ ውሃ ይጠጣል፣ እነሱ የለመዱት የመኪና ፓራውልት (ባምፐር) እንደሆነ ሐይቅ ላይ አያድርም። እኔ ሐይቁ ዳር ያሉትን ጀልባ ሠሪዎች እመርጣለሁ፣ ቀጠሮ ቢያበዙም። ማንም ይሁን አንድ ነገር ጠይቀው፣ ስንጥቁን በግራይንደር ዙሪያውን ሰፋ አድርጎ ይልጠዋል ወይስ እንዲሁ እላዩ ላይ ይለጥፋል? ሁለተኛውን ካለህ ጀልባህን ይዘህ ሂድ።

ዕቃ ላይ፣ ፖሊስተር ሬዚን ርካሽ ነው፣ ያረጀ ፋይበር ላይ ግን ኤፖክሲ ይበልጥ ይይዛል። ኤፖክሲ ከገዛህ የተሸመነውን የፋይበር ጨርቅ ውሰድ፣ ያ ክሩ የተበታተነው ማት ለፖሊስተር ነው የተሠራው። የሞተሩን ብሎኖች ፈታችሁ በሲካፍሌክስ (ውሃ የማያስገባ ማሸጊያ ማስቲሽ) መልሱ፣ ለጀልባ የሚሆነውን ብላችሁ ጠይቁ።

— እኔም የምጨምረው፣ ክረምት ላይ አታሠሩት፣ ርጥበት ባለበት ሬዚን በወጉ አይደርቅም። ግንቦት ላይ ሐይቁ ሲጎድል ድንጋዩ ስለሚወጣ ሆዷን የሚፍቃትም ያኔ ነው፣ ስለዚህ ታፓውን ብቻ ቀይራችሁ እንዳትመለሱ፣ ሆዷንም እዩት።